ነውርን ከፊት መናገር፤ ለመምህር እንድሪስ ይመር

የመምህር እንድሪስ ይመርን ማረፍ የሰማሁት አቀስታ ገበያ፣ የአንዲት ዳማ በቅሎ አፍ ከፍቼ ጥርሷን በማይበት ሰዓት ነው። ስልኬ ጮኸ። የልጅ ልጄ ማስተዋል ነበረች፣ ከአዲስ አበባ።

«አባባ፣ ቆመዋል ወይስ ተቀምጠዋል?» አለችኝ።

«በቅሎ ይዤ ተቀምጬ አውቃለሁ?» አልኳት።

«መምህር» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። የበቅሎዪቱን አፍ ለቀቅኩ። ዕድሜዋን ሳላውቅ ቀረሁ፤ ሻጩም ዋጋ ሊያስቀንስ ነው ብሎ ተቆጣኝ።

ያገኘሁት ሚኒባስ ላይ ወጥቼ መካነ ሰላም ስደርስ አፈሩ ተመልሶ ነበር። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሳቸው ሙስሊም ነበሩ፤ ለቅሶው ላይ ግን እንደ ወንድም ከፊት አስቀመጡኝ። እየተነሳ ሁሉም መሰከረ። አንዱ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው አለ፣ አንዷ ልጄን ከመንገድ የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው አለች። «አያ ደምሴ፣ አንቱስ?» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ብዙ ሰው ኀዘን መስሎት ይሆናል። ኀዘንም ነበር፤ ቁጣም ነበረበት። የቁጣዬን ምክንያት ወደ ኋላ እናገራለሁ። መምህርን ለምታውቁ ሁሉ ያን ዕለት ያልተናገርኩትን አሁን እጽፋለሁ። የሳትኩትን ፊደል ማስተዋል አቃንታልኛለች። ቃሉን ግን እንዳትነካ ከልክያታለሁ።

መምህር እንድሪስ መካነ ሰላም ላይ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ አርጅተው ጡረታ ወጡ። ጡረታ ወጡ ይባል እንጂ ሥራ አልተዉም። በራቸው ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበረች። ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው እዚያች ላይ ይቀመጣሉ። የኮታቸው የቀኝ ኪስ ሁልጊዜ ነጭ ነው፣ ጠመኔ ስለማይለየው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሀራ «ሰሌዳ የሌለው ሰው ጠመኔ ምን ይሠራለታል?» እያሉ ያጥቡታል፤ እሳቸው መልሰው ያነጡታል። ወረቀት ያልገባው ሁሉ ወደዚያች ወንበር ይመጣል። ፍርድ ቤት የተጠራ ይመጣል፣ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ይመጣል፣ ከሁሉም በላይ ዐረብ አገር የምትሄድ ልጅ ያለችው ይመጣል። አንድ ቀን አንዲት ልጅ የሥራ ውል ይዛ መጣች። መምህር ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አድርገው «ልጄ፣ እዚህ ላይ ፓስፖርትሽን አሠሪሽ ይይዘዋል ይላል። ሂጂም አትሂጂም አልልሽም። ይህን ግን እያወቅሽ ሂጂ» አሏት። ልጅቱ ሳትፈርም ተመለሰች፤ በኋላ ሌላ ውል ይዛ መጣች፣ እሱንም ሦስት ጊዜ አነበቡላት። «ያልገባህን ወረቀት አትፈርም፤ የገባህንም ደግመህ አንብበው» የዘወትር ቃላቸው ነበር። ሲሸኙም አይዞሽ፣ አይዞህ ለማለት «አብሽሪ»፣ «አብሽር» ይላሉ። ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ያጽናና ነበር።

እኔ ግን ወደዚያች ወንበር ወረቀት ይዤ ሄጄ አላውቅም። የሄድኩት ለጠብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማስተዋል እናቷ ዐረብ አገር ስለሆነች እኔ ዘንድ ያደገች ናት። ደሴ የሂሳብ አያያዝ ተምራ መጥታ፣ እዚሁ ከገበሬ እህል በሚገዛ ማኅበር ተቀጠረች። ሁለት ዓመት ሠርታ አዲስ አበባ ያለ አንድ የንግድ ትምህርት ቤት ልግባ አለች። ጥቂት ሰው ነው የሚቀበለው፤ የተቀበለውን ግን ያለ ክፍያ ያስተምራል። እኔ «ንግድ በትምህርት ቤት አይገኝም። በቅሎ ስነግድ ያረጀሁት ማን አስተምሮኝ ነው?» አልኳት። እሷ ግን እንደኔው ግትር ናት፤ ተፈተነች፣ የጽሑፉን ፈተና አለፈች። ቀጥሎ ኢንተርቪው የሚሉት አለ። ሰዎች ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ይጠይቋታል።

ልትሄድ ስትነሳ አንድ ምክር ሰጠኋት። «ልጄ፣ ነውርሽን ለባዕድ እንዳትናገሪ» አልኳት።

ምክሬን ይዛ ሄደች። ሰዎቹ «ድክመትሽ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት። «የለብኝም» አለች። «በሥራሽ ላይ የተሳሳትሽበትን ጊዜ ንገሪን» አሏት። «ተሳስቼ አላውቅም» አለች። ወደቀች። በዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማ መሞከር እንደምትችል፣ ሦስተኛ ግን እንደሌለ ነገሯት። ለእኔ ያኔ ምን እንደጠየቋት አልነገረችኝም። ወደ መምህር ወንበር ሄደች።

ሥራ ስትጨርስ ቤት መምጣት ትታ እዚያ ስታመሽ ሰነበተች። አንድ ቀን ልወስዳት ሄድኩ። ስደርስ መምህር ይጠይቃሉ፣ እሷ አንገቷን ደፍታለች።

«መምህር፣ ልጄን ምን እያስተማሯት ነው?» አልኩ፣ ሰላምታ ሳልሰጥ።

«ነውሯን እንድትናገር» አሉ።

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

«ነውሯን አደባባይ የምታወጣ ልጅ ማን ይፈልጋታል? ማን ይቀጥራታል? ማን ያገባታል?»

መምህር ወንበሯን በመዳፋቸው ጠረጉና «አረፍ ይበሉ» አሉኝ። አልቀመጥም አልኩ። ቆሜ ሳለሁ፣ ጨዋታ የቀየሩ መስለው «ባለፈው ለደጎሎው ሰው የሸጧት ግራጫ በቅሎ፣ ምን ብለው ነው የሸጧት?» አሉ።

«ነውር አለባት፤ ከቀኝ ሲቀርቧት ትራገጣለች፤ በግራ ቅረባት ብዬ ነዋ።»

«ጠይቆዎት ነው?»

«ሳይጠይቀኝ። እስኪጠይቅ የሚጠብቅ ሻጭ ሌባ ነው።»

«ታዲያ ሰውዬው ትቶ ሄደ?»

«ኧረ ገዛ። ዛሬም ከእኔ በቀር ከማንም አይገዛም።»

እንደ ተማሪ እያስመለሱኝ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ማስተዋል መሬት መሬቱን ታያለች፤ ሳቋን እንደያዘች ትከሻዋ ይናገራል። መምህር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አያ ደምሴ፣ አንቱ ለበቅሎ የማያፍሩትን ለልጅዎ ያፍሩበታል?» አሉኝ።

መልስ ሳጣ እቆጣለሁ፤ አገር ያውቀዋል። ብቻዬን ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሦስት ቀን በበራቸው ሳልፍ ሰላም አላልኳቸውም። እሳቸው ግን ሦስቱንም ቀን ከወንበራቸው ብድግ ብለው «እንደምን አደሩ አያ ደምሴ» አሉኝ። በአራተኛው ቀን ቆምኩና «የበቅሎው ነገር ልክ ነው። የልጄ ግን ሌላ ነው» አልኳቸው።

«ሌላነቱን ተቀምጠው ያስረዱኝ» አሉ።

ተቀመጥኩ። ማስረዳት አልቻልኩም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከዚያች ወንበር አልተነሳሁም ማለት ይቻላል።

መምህር ጠያቂ አደረጉኝ። እሳቸው በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ፣ እኔ በአማርኛ። ማስተዋል ፊት ለፊታችን በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። የመጀመሪያው ቀን ሥልጣኑ ሞቅ አደረገኝና «የማን ልጅ ነሽ?» ብዬ ጀመርኩ።

«አባባ፣ ያውቁ የለም እንዴ?» አለች።

«ጠያቂን አባባ አይሉም» አሏት መምህር። ወደኔም ዞር ብለው «ጠያቂም ሊያጭ የመጣ ሽማግሌ አይመስልም» አሉኝ።

እሷ ከስልኳ ላይ መልስ ሸምድዳ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ድክመቷን ሲጠይቋት «ሥራ ማብዛቴ ነው፤ ሳልጨርስ ዕረፍት አላውቅም» ብላ አነበነበች።

መምህር ወደኔ ዞሩ። «ይህስ ነውር ነው ወይስ ሙገሳ?»

«ነውሯ መፍጠኗ ነው ብሎ በቅሎ የሚሸጥ ሰው አይቻለሁ» አልኩ። «ሰውዬውንም በቅሎዪቱንም ዞሬ አላየኋቸውም።»

«ሰምተሻል» አሏት መምህር። «ጠያቂዎችሽም ገበያ የዋሉ ናቸው።»

ከዚያ ተራዬ ደረሰ። ምን እንደምጠይቅ ጠፋኝና ከሥራዋ ይሁን ብዬ «አንድ ሰው እርጥብ ገብስ ይዞ ቢመጣብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት። ወላሂ እንደዘበት ነው ያልኩት።

የማስተዋል ዐይን እንባ ሞላ። መምህር ሳያቻኩሏት ተናገረች። ባለፈው ዓመት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ዝናብ የመታው ገብስ ይዛ ትመጣለች። ማስተዋል ታዝንላትና ትቀበላታለች። ያን ያዩ የሴትዮዋ ጎረቤቶች የራሳቸውን እርጥብ ገብስ ይዘው ይከተላሉ፤ የእሷን ተቀብላ የእነሱን መመለስ አቃታት። ገብሱ መጋዘን ውስጥ ጋለ፣ ሻገተ፣ የደህናውን ገበሬ ገብስ ይዞ ጠፋ። ይህን ሁሉ አንድ ቤት እየኖርን ለእኔ አልነገረችኝም። ነውርሽን አትናገሪ ብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝና እንዴት ትነግረኛለች?

እኔ ላባብላት ብድግ ስል መምህር በእጃቸው አስቀመጡኝ። «ነውሩ ተገኘ» አሉ። «አያ ደምሴ፣ ነውሯን ከተናገሩ በኋላስ ለገዢው ምን ይሉታል?»

«አያያዟን እነግረዋለሁ። በግራ ቅረባት እለዋለሁ።»

«በይ ልጄ» አሏት፣ «አያያዝሽን ፈልገሽ ነይ። ነውርን ያለ አያያዝ መናገር ራስን መስደብ ነው። አያያዝን ያለ ነውር መናገር ጉራ ነው።»

አንድ ሳምንት ሙሉ አሰበች። ተመልሳ መጥታ እንዲህ አለች፦ «እምቢ ማለት አይሆንልኝም፤ በተለይ የሰው ፊት ካየሁ። ስለዚህ አሁን ገብስ ሲመጣ ቀና አልልም። መጀመሪያ ፍሬውን በጥርሴ እሰብራለሁ፤ ደረቅ መሆኑን ካወቅኩ በኋላ ነው የባለቤቱን ፊት የማየው። እርጥብ ከሆነም አስጥተው የሚመለሱበትን ቀን ቆርጬ እሸኛለሁ።» መምህር «አብሽሪ» አሏት። ሌላ አላሉም።

ወዲያው ደግሞ ወደኔ ዞሩ። «አሁን የጠያቂው ተራ ነው። የአያ ደምሴስ ነውር?»

«ግትርነት» አልኩ።

«እሱን አገር ያውቀዋል። የተደበቀውን ነው።»

ላልናገር ነበር። ልጅቱ ግን እያየችኝ ነው፤ እሷ የሆዷን አውጥታ እኔ ብደብቅ ምን ሻጭ ነኝ? «ፊደል አላውቅም» አልኩ። «ወረቀት ሲሰጡኝ መነጽሬን ረሳሁ እላለሁ። መነጽር የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም።»

ማስተዋል አፏን ያዘች። «አባባ፣ ልጅ ሆኜ ያን መነጽር ያልፈለግኩበት ጎድጓዳ የለም። አልጋ ሥር እየገባሁ» አለች። ሳቀች፤ መምህርም ሳቁ። ሲጨርሱ «አያያዝዎስ?» አሉኝ። አያያዙን አላውቅም አልኩ። እጃቸውን ወደ ነጩ ኪስ ሰደዱ፤ ወንበሯ ላይ በጠመኔ «በ» ብለው ጻፉ። «በቅሎ የምትጀምረው በዚህች ነው» አሉኝ። ፊደልን ከሀ ሳይሆን ከበ የጀመርኩ ሽማግሌ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ዛሬ ይህን የምታነቡት ከዚያች ፊደል የመጣ ነው።

የኢንተርቪው ጊዜ ሲደርስ በዚያ ሳምንት መንገዱ የሚታመን አልነበረም። ትምህርት ቤቱ በቪዲዮ ይሁንላት አለ። መምህር ቤት ኔትወርኩ ይሻላል ተባለና ስልኩን መጻሕፍት ላይ አስደግፈው አቆሙት። ማስተዋል ፊቱ ተቀመጠች። እኔና መምህር ስልኩ በማያየን በኩል፣ በሩ አጠገብ ሆንን። «ትንፍሽ እንዳይሉ» አሉኝ። ስልኩ ውስጥ ሦስት ሰዎች ታዩ። በእንግሊዝኛ ጀመሩ።

አንዲት ቃል አይገባኝም። የልጅቱን ፊት ብቻ አያለሁ። ሁለተኛ ሙከራዋ ነው፤ ሦስተኛ የለም። አንደኛው ሰው የሆነ ነገር ጠየቃት፤ መምህር ወደ ጆሮዬ ቀርበው «ያቺ ጥያቄ ናት» አሉኝ። የመጀመሪያው መውደቋ ታየኝ። ከዚያ መናገር ጀመረች፤ ረዥም እንግሊዝኛ። በዚያ ሁሉ መሀል ጥርት ያለች አንዲት ቃል ሰማሁ፣ «ነውር»። ቆየት ብሎ ደግሞ «በቅሎ»። ትርጓሜ አላስፈለገኝም።

«እውነቷን ነው» አልኩ። በገበያ ድምፄ ነው ያልኩት።

ስልኩ ውስጥ ካሉት አንዷ ሴት በአማርኛ «ማነው እሱ?» አለች። መምህር ግንባራቸውን ያዙ። ማስተዋል ግን አልደነገጠችም። «አያቴ ናቸው» አለች። «በቅሎ ነጋዴው። ሳይጠየቁ መናገር ነውራቸው ነው።»

«አያያዛቸውስ?» አለች ሴትዮዋ።

«እሱ እስካሁን አልተገኘም።»

ሦስቱም ሳቁ። መምህርም ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነባቸውና ተነስተው ወደ ውጭ ወጡ። ብዙ ሳሉ። እኔ ከሳቁ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱ በስልክ መጣ። ማስተዋል ለብቻዋ አላየችውም፤ ወንበሯ ድረስ ይዛው መጥታ «አባባ ያንብቡት» አለችኝ። ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ጀመርኩ። መምህር «አያ ደምሴ፣ ፈጠን ይበሉ፤ ትምህርቱ እንዳይጀመር» ይሉኛል። «ተ... ቀ... ብ... ለ... ን... ሻ... ል።» ቃሉን ገጣጥሜ ሳበቃ ሁለቱም ያለቅሳሉ። እኔ ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ እሱ ነው።

አሁን የቁጣዬን ምክንያት ልናገር። ለቅሶው ላይ ወይዘሮ ዘሀራ እንደነገሩኝ፣ መምህር እኛን ሲያስጠኑ በነበሩበት ጊዜ ታመው ነበር። ሐኪም አዲስ አበባ ይሂዱ ብሏቸው ነበር። «ልጅቱ ትፈተን፣ ከዚያ እሄዳለሁ» አሉ። ከዚያ «አያ ደምሴ ፊደሉን ይጨርሱ» አሉ። ለማንም እንዳይናገሩ ባለቤታቸውን አስማሏቸው። የሁላችንንም የተደበቀ ያወጣ ሰው የራሱን ደበቀ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ «የአንቱስ ነውር?» ብዬ መልሼ አልጠየቅኳቸውም። ተራው የሳቸው ነበር፤ አሳለፍኩት።

መምህር እንድሪስ፣ በለቅሶው ላይ ደግ ደጉን ሁሉ ነግረውልዎታል፤ እውነት ነው፣ አልጨምርበትም። እኔ ግን ሻጭ ነኝ፤ ነውሩን ሳልናገር ገመድ አላስረክብም። ከበቅሎ ጋር አመሳሰለኝ ብለው እንዳይቀየሙ፣ የጀመሩት እርስዎ ነዎት። ነውርዎ ሕመምዎን መደበቅ ነው። ቢነግሩን አያያዙን አብረን እንፈልግ ነበር። ተሸክሜም ቢሆን አዲስ አበባ አደርስዎት ነበር። ልጅቱ ፈተናዋን ባትፈተን፣ እኔም እስክሞት መነጽሬን ረሳሁ ብል ይሻለኝ ነበር። አይ፣ ይህንስ ዋሸሁ። እርስዎ ካስተማሩኝ በኋላ መዋሸት አልችልበትም። ልጅቱ ገብታለች፣ እኔ እየጻፍኩ ነው፤ ሁለቱንም አልመልስልዎትም። አመሰግንዎታለሁ፤ ተቆጥቼም ቢሆን አመሰግንዎታለሁ።

እርስዎን ለሚቀበለው ጌታም፣ ሁሉን ቢያውቅም፣ ሳይጠይቀኝ ነግሬዋለሁ፦ ይህ ሰው የራሳቸውን አይናገሩም፤ አያያዛቸው አጠገባቸው ተቀምጠህ አንተ መጠየቅ ነው። ኪሳቸውን አታጥብባቸው፤ ጠመኔ አለበት።

እኛ ነጋዴዎች ከበቅሎ ስንለይ ገመዷን ለገዢው እየሰጠን አንገቷን መታ አድርገን የምንላት አለ። ለሰው ብዬው አላውቅም፤ ለእርስዎ እላለሁ። መምህር፣ አብሽሩ። ከደህና እጅ ገብተዋል።